አብሽርን ለራስ ማለት፦ የውስጥ ንግግርን ለማቃናት የሚረዳ መመሪያ

የወሎ ሰው ጎረቤቱ ሲያዝን፣ ላም ስትሞትበት፣ ልጁ ፈተና ሲወድቅበት አስቀድሞ የሚያወጣው ቃል «አብሽር» ነው። ለሴት «አብሽሪ»፣ ለብዙ ሰው ወይም ለአክብሮት «አብሽሩ» ይባላል። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ ብሥራት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይናገረዋል፣ አንዳንዴ በ«አይዞህ» ምትክ፣ አንዳንዴም ከ«አይዞህ» ጋር ተደርቦ። ይህን ቃል ለባዳ እንኳ የማይነፍግ ሰው ብቻውን ሲሆን ለራሱ የሚናገረውን ቢያዳምጡት ግን ሌላ ሰው ይመስላል፦ «ድሮም እኔ ምን ይሳካልኛል»፣ «ከእኔ ሰው አይወጣም»፣ «ምነው እግሬን በሰበረው»። በደሴ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ከውጤታቸው ይልቅ ከውጤቱ በኋላ ለራሳቸው በሚናገሩት ነገር የተጎዱ ብዙ ተማሪዎች አይቻለሁ። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ለሌላው የምንሰጠውን አብሽር ለራሳችን መስጠት እንዴት እንደሚለመድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

አማርኛችን ራሱ ጉዳዩን ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። «ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት» ስንል ድምፅ አውጥቶ የተናገረ የለም፤ ያሰብነውን ነው «ብዬ» የምንለው። «አልችልም ብዬ ተውሁት» የሚል ሰውም ከመተዉ በፊት ለራሱ አንድ ዐረፍተ ነገር እንደ ተናገረ፣ እግሩን የያዘውም ያ ዐረፍተ ነገር እንደ ሆነ ሳያውቀው ይመሰክራል። ሐሳብን ጨብጦ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ ዐረፍተ ነገር ግን ሊጻፍ፣ ሊነበብና ሊታረም ይችላል። ስለዚህ የምንሠራው በዐረፍተ ነገሩ ላይ ነው።

የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በስልክ መጻፍም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ መልእክት በገባ ቁጥር ሐሳብ ስለሚበተን በእጅ መጻፉን እመርጣለሁ። መጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን በስልክ ቀርጾ ወይም የሚያምነውን ሰው አጽፎ ሊሠራው ይችላል።

አንደኛ፦ ንግግሩን እንደ ወረደ መያዝ

ለሰባት ቀን ያህል ለራስዎ የሚናገሩትን ክፉ ቃል በተናገሩበት ሰዓት ወይም ከሰዓታት በኋላ ይጻፉት። በዚህ ሳምንት ምንም አይታረምም። ሰው በዚህ ደረጃ የሚሳሳተው የተናገረውን ትቶ የተሰማውን በመጻፍ ነው፤ «ከፋኝ»፣ «ተናደድሁ» ብሎ ያልፋል። እነዚህ የስሜት ስሞች ናቸው፤ እኛ የምንፈልገው ስሜቱን የቀሰቀሰውን ቃል ነው። አንድ ገጽ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «ሰኞ፣ ባቲ ገበያ፣ ረፋድ ላይ፤ ፍየሏን በርካሽ ከሸጥሁ በኋላ፤ ‹እኔ እኮ ሰው ሁሉ የሚጫወትብኝ ሞኝ ነኝ›»። ቀኑ፣ ቦታው፣ ከንግግሩ በፊት የሆነው ነገርና ንግግሩ ራሱ ተጽፈዋል፤ ይበቃል።

ቃሉን በመጣበት ቋንቋ ይጻፉት። ከባቲ እስከ ከሚሴ ባለው አካባቢ አማርኛንና ኦሮምኛን አንድ ላይ ይዞ ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ሲረጋጋ በአንዱ፣ ራሱን ሲወቅስ በሌላው ሊናገር ይችላል። ወደ ሌላ ቋንቋ የተገለበጠ ስድብ ስለታሙ ይዶለዱምና በኋላ ሲነበብ «ይህማ ምንም አይደል» ያሰኛል። «ኤጭ!» እና «ወይኔ!» የመሳሰሉ አጫጭር ድምፆችም ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ረጅም ክስ የሚያስከትሉ እነርሱ ናቸውና። የሳቅ መልክ ያላቸውንም እንዳይንቋቸው፤ «እኔና ገንዘብ መቼ ተዋውቀን» እያለ ሰውን የሚያስቅ ሰው ያንኑ ቃል ሌሊት ብቻውን ሲደግመው አይስቅም።

ሁለተኛ፦ ድምፁ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ

በስምንተኛው ቀን ደብተሩን ከመጀመሪያው ያንብቡት። ቃላቱ ቢለያዩም ሐሳቡ ወደ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይሰበሰባል። ከእያንዳንዱ ጎን «ይህን መጀመሪያ ያለኝ ማን ነው?» ብለው ይጻፉ።

ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው በ1934 እ.ኤ.አ. የሞተው የሶቪየት የሥነ ልቦና ምሁር የውስጥ ንግግር ምንጩ ከውጭ ነው ይል ነበር፦ ሕፃን መጀመሪያ ከሌላ ሰው ይሰማል፣ ቀጥሎ ሲጫወት ለራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ በመጨረሻም ንግግሩ ድምፅ አልባ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። በግቢ ውስጥ ከጭቃ ቤት እየሠራ የሚጫወት ልጅ «ተው! ይፈርሳል አላልሁህም!» እያለ በእናቱ ድምፅ ራሱን ሲቆጣ ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። በእኔው ደብተር ደጋግሞ የተገኘው «አንተ ነገር አይገባህም» የሚለው ነበር፤ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህሬ በተማሪ ሁሉ ፊት አቁሞ ያለኝ ቃል ነው። እኔም መምህር ሆኜ፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እንኳ ያው ቃል በጆሮዬ ነበር። ተናጋሪውን ማወቅ የሚጠቅመው ለመካሰስ አይደለም፤ ቃሉ የተፈጥሮ እውነት ሳይሆን አንድ ሰው በአንድ ቀን የተናገረው መሆኑን ለማየት ነው።

ሦስተኛ፦ የሆነውን ከፍርዱ መለየት

ከሁሉም ደረጃ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ አይቸኩሉበት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በድባቴ የሚሠቃዩ ታካሚዎቹ ሳይጠሯቸው ብልጭ የሚሉ ሐሳቦች እንዳሏቸውና ሐሳቦቹንም ሳይመረምሩ እንደ እውነት እንደሚቀበሏቸው አስተዋለ፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የንግግር ሕክምና ከዚያ ምልከታ አድጓል። ለእኛ የሚበቃን ዋና መሣሪያው ነው። ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፦ በመጀመሪያው የሆነውን፣ በሁለተኛው የፈረዱትን፣ በሦስተኛው ፍርዱን የሚደግፍና የሚያፈርስ ማስረጃ ይጻፉ። የመጀመሪያው ዓምድ ካሜራ ሊቀርጸው ከሚችለው ነገር በቀር ምንም አይቀበልም።

ምሳሌው ከቅርብ ይሁን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት አንዱ የሆነ የወልዲያ ወይም የሐይቅ ልጅ በመጀመሪያው ዓምድ «የማለፊያ ነጥብ አላመጣሁም» ብሎ ቢጽፍ እውነት ነው። በሁለተኛው ዓምድ ግን ብዙዎቹ የጻፉት «ደደብ ነኝ፤ ቤተሰቤን አዋረድሁ» የሚል ነው። በሦስተኛው ዓምድ አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሰባት ያህሉ የወደቁበት ፈተና ስለ አንድ ልጅ አእምሮ ይናገራል ወይስ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ መምህሩ፣ በወረርሽኝና በጦርነት ስለ ተቋረጠው ትምህርት ጭምር? መልሱ ልጁን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣውም፤ ያላጠናው ምዕራፍ ካለ እርሱም በዚያው ዓምድ ይጻፋል። ልዩነቱ «ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ» የሚል ሰው ነገ የሚሠራው ነገር ማግኘቱ ነው፤ «ደደብ ነኝ» የሚለው ግን መሸሸጊያ እንጂ ሥራ አያገኝም።

ፍርድን ከሩቅ የሚያስታውቁ ቃላት አሉ። «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «ጭራሽ»፣ «ሰው ሁሉ» ከእነርሱ ናቸው፤ በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉም የከፋው «ድሮም» ነው። «ድሮም እኔ ዕድል የለኝም» የሚል ሰው በአንዲት ቃል ያለፈውን ዘመን ሁሉ ምስክር አድርጎ ጠርቶታል። ይህችን ቃል በደብተርዎ ባገኟት ቁጥር ከሥሯ አስምረው «ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ቀኑን ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ቀኑ ሩቅ አይሆንም።

አራተኛ፦ ራስን በሁለተኛ መደብ መጥራት

ኢታን ክሮስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አስጨናቂ ነገር ከፊታቸው ያለ ሰዎች «እኔ» እያሉ ከሚያስቡ ይልቅ በስማቸው ወይም «አንተ»፣ «አንቺ» እያሉ ራሳቸውን ቢያነጋግሩ ጭንቀታቸው ቀለል እንደሚል አሳይተዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ አባቶቻችን በእንጉርጉሮም በፉከራም «አንተ ልቤ»፣ «አንቺ ሆዴ» እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ኖረዋል። ሰው ልቡን ከፊቱ አስቀምጦ ሲመክረው መካሪውና ተመካሪው ይለያያሉ፤ መካሪውም ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ያያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሦስተኛው ደረጃ የሞሉትን ገጽ ይዘው በስምዎ ይጀምሩ፦ «አንቺ እገሊት፣ ዛሬ የሆነው ይህ ነው»። ቤት ውስጥ ሰው ካለና ድምፅ ማውጣት ካሳፈረዎ በከንፈርዎ ብቻ ይበሉት። ራስን «እርስዎ» እያሉ ማነጋገር የሞከሩ አንድ አዛውንት ወዳጄ ሳቃቸው አላስጨረሳቸውም፤ ስለዚህ «አንተ» ይሻላል።

አምስተኛ፦ የአብሽሩን ዐረፍተ ነገር መሥራት

ብዙ አነቃቂ ተናጋሪዎች የሚመክሩት መስተዋት ፊት ቆሞ «እኔ ታላቅ ነኝ፣ ሁሉን እችላለሁ» ማለትን ነው። ይህ ምክር በጣም የሚያስፈልገውን ሰው ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በካናዳ ሠርተው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚለውን ቃል ሲደጋግሙ ስሜታቸው ይበልጥ ወርዶ ተገኝቷል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ አፍ የተናገረውን ልብ «ውሸት ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ክርክሩንም የሚያሸንፈው ልብ ነው።

አብሽር ግን አይዋሽም። ልቅሶ ቤት ገብቶ «አብሽር» የሚል ሰው የሞተው አልሞተም አይልም፤ ሐዘኑን አምኖ፣ ከጎን ተቀምጦ፣ ነገ እንደሚነጋ ይናገራል፤ ተነሥቶም ውኃ ይቀዳል፣ ድንኳን ይተክላል። ስለዚህ ለራስ የሚባለው አብሽርም ሦስት ነገር ይይዛል፦ የሆነውን እውነት፣ የማጽናኛውን ቃልና ቀጥሎ የሚሠራውን ሥራ። ዱቤ ሰጥታ ያልተመለሰላት ባለ ሱቅ «እኔ ለንግድ አልተፈጠርሁም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦ «የሦስት ሰው ዱቤ አልተመለሰም። አብሽሪ፣ በዚህ ሱቅ ያልከሰርሽበት ቀን ብዙ ነው። ሐሙስ ጧት ሱቅ ከመክፈትሽ በፊት ወደ መጀመሪያው ሰው ቤት ትሄጃለሽ።» እዚህ ውስጥ ምንም ሙገሳ የለም፤ ልብ «ውሸት ነው» የሚልበት ቀዳዳም አላገኘም።

የመጨረሻው ክፍል ቀንና ሰዓት እንዲኖረው ያስፈልጋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልቪትዘር «አደርገዋለሁ» ብሎ ከሚያቅድ ሰው ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜና ቦታ የሚወስን ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ እንደሚበልጥ በተከታታይ ጥናቶች አሳይቷል። «ዱቤውን አስመልሳለሁ» ምኞት ነው፤ «ሐሙስ ጧት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት» ቀጠሮ ነው።

ልምምዱን ከቆየ ልማድ ጋር ማሰር ይጠቅማል፤ በወሎ ቤት ደግሞ ከቡና የቆየ ልማድ የለም። በአቦል ሰዓት ወሬው ይሞቃል፣ ፈንዲሻው ይዞራል፣ እንግዳም አይጠፋም፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከቶና በኋላ ሰው ወደየጉዳዩ ይበተናል፤ በረካው ላይ ጀበናው ቀጥኖ፣ ዕጣኑ ከስሞ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዱዓው ወይም ምርቃቱ ከተደረገ በኋላ ያለችው ያቺ ጥቂት ጊዜ ደብተር ለመግለጥ ትመቻለች። ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለአገር ሲመረቅ «አሚን» ወይም «አሜን» ያለ አፍ ወዲያው ራሱን ሊራገም ቢነሣ እንኳ ትንሽ ያፍራል።

ስድስተኛ፦ ሌሊቱን መያዝ

ቀን ሥራ የሚያባርረው ሐሳብ ሌሊት ይመለሳል። «አላስብም» ብሎ መታገል አያዋጣም፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ ሙከራ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ድቡን ከአእምሯቸው ሊያወጡት አልቻሉም። ይልቅ ሐሳቡን ቀጠሮ ይስጡት፦ «ነገ ከበረካ በኋላ እንነጋገራለን» ብለው አንዲት ቃል ደብተሩ ላይ ጽፈው ይተኙ።

ቆየት ላለ ቁስል ግን ይህ አይበቃም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔነቤከርና ባልደረባው በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በጣም ስለ ጎዳቸው ነገር ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል እንዲጽፉ አደረጉ፤ ጸሐፊዎቹ በጻፉበት ሰዓት ይበልጥ ቢከፋቸውም በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማእከል መመላለሳቸው ቀንሶ ታይቷል። ይህን የሚሞክር ሰው የመጀመሪያው ምሽት እንደሚከብደው ያውቅና በማግስቱ ፋታ የሚያገኝበትን ቀን ይምረጥ። የወሎ ሰው ትዝታን ቅኝት አድርጎ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር እየተጫወተ ሐዘኑን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ሲያደርግ ኖሯል፤ ክራሩ ሲያበቃ ሐዘኑም ለጊዜው ያበቃል። ያለ ቅርጽ ሌሊቱን ሙሉ የሚሽከረከር ሐሳብ ግን ማብቂያ የለውም፤ ወረቀቱም የሚሰጠው ያንን ማብቂያ ነው።

ሰባተኛ፦ ለምን እንደሚኖሩ በራስ መለኪያ መጠየቅ

የውስጥ ንግግር ሲቃና ሕይወት ወዲያው ሙሉ አይሆንም፤ ከደጃፉ እንቅፋት ተነሣ ማለት ነው እንጂ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ሰው እርካታ እንዲያገኝ በራሱ ፈቃድ የሚሠራው፣ የሚችለውና ከሌሎች ጋር የሚያስተሳስረው ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ። በደብተርዎ ያሉትን ክሶች በእነዚህ ሦስት ቢመዝኗቸው ብዙዎቹ ከየትኛውም ሥር አይገቡም፤ «የጎረቤት ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ቤት ሠራች፣ አንቺስ?» ከሚለው ጋር ነው የሚመደቡት። እንዲህ ያለው ክስ ሲገኝ ከጎኑ «የማን መለኪያ ነው?» ብለው ይጻፉ። የእርስዎም ሆኖ ከተገኘ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይመለስ፤ የእርስዎ ካልሆነ ምላሽ አይገባውም።

ከሌሎች ጋር የሚያስተሳስረውን ነገር ወሎ ለብዙ ሰው አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ቅሬው (ዕድሩ)፣ ደቦው፣ ሰደቃውና ዝክሩ አሉ። ራሱን የሚወቅስ ሰው ግን አስቀድሞ የሚቀረው ከእነዚሁ ነው፤ «ምን ይዤ ልሂድ»፣ «ሰው ምን ይለኛል» ይላል። ስለዚህ በአምስተኛው ደረጃ ከሚጽፏቸው ቀጠሮዎች ቢያንስ አንዱ በየሳምንቱ ሰው ያለበት ይሁን።

አሠራሩ የማይደርስበት ቦታ

ይህ አገር የ1966ንና የ1977ን ረሃብ አይቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። ንብረቱን ላጣ ሰው «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ግፍ ነው። ደብተሩ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚጠቅመው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጉዳቱ በላይ «ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ»፣ «ቀድሜ ባወጣቸው ኖሮ» እያለ የሚሸከመውን ክስ በሦስተኛው ደረጃ ሊያቀልለት ይችላል፤ ያን ቀን ያላወቀውን ዛሬ በሚያውቀው አይፈረድበትምና።

ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከዘጋ፣ ሥራ ካስቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከውጭ መሰማት ከጀመረ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናግሮ አብሮ መሄድ ነው። ጸበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥም።

ደብተሩን ስለ ማስቀመጥ

ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት የግል ደብተር ብዙ አይሰወርም። ሊነበብ ይችላል የሚል ስጋት ካለ የጻፉት ሁሉ ይለዝባል፤ አንደኛው ደረጃም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ክሶቹን ከደብተሩ በኋላ በኩል በተነጣይ ወረቀት ይጻፏቸው፣ እስከ ሰባተኛው ደረጃ ያለውን ሠርተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ቀድደው ከሰል ማንደጃው ውስጥ ይጨምሩት፤ የአብሽሩ ዐረፍተ ነገርና ቀጠሮው ብቻ ከፊት በኩል ይቆዩ። እነርሱን ሰው ቢያነብባቸውም የሚያገኘው «ሐሙስ ጧት፣ ሱቅ ከመክፈትሽ በፊት» የሚል ነው።